መገጣጠሚያን የማይጎዳ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ፦ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከምን ይጀምር?

ጉልበታቸውን ወይም ዳሌያቸውን የሚያማቸው በርካታ ወገኖች «ካረፍኩ ይሻለኛል» በሚል እሳቤ ከእንቅስቃሴ ይቆጠባሉ። ይሁን እንጂ ለቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ዕረፍት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሰው መንቀሳቀስ ሲያቆም መገጣጠሚያውን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ይደክማሉ፤ ጫናው በመገጣጠሚያው ላይ ያርፋል፤ ሕመሙም ይብሳል።

በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በዙሪያው ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ፈሳሹ እንዲዘዋወር የሚያግዘው እንቅስቃሴ ነው። በመሆኑም በመጠን የሚደረግ እንቅስቃሴ የሕክምናው አንድ አካል ነው።

በቤት ውስጥ የሚሠሩ እንቅስቃሴዎች

1. እግርን መዘርጋት፦ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፤ ለ5 ሰከንድ ያህል ይዘው በቀስታ ይመልሱ። በእያንዳንዱ እግር 10 ጊዜ ይድገሙ።

2. ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፦ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፈው በዝግታ ይነሡ፤ በዝግታ ይቀመጡ። ከ5 ጊዜ ይጀምሩ። አቅም ካነሰዎት በእጅዎ ይደገፉ።

3. ተረከዝን ማንሣት፦ ጠረጴዛ ወይም ግድግዳ ይዘው በእግር ጣቶችዎ ይቁሙ፤ ተረከዝዎን በቀስታ ያውርዱ። 10 ጊዜ ይድገሙ።

4. በእግር መጓዝ፦ በሜዳማ መንገድ፣ ምቹ ጫማ አድርገው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጓዙ። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩ። እየተጓዙ መነጋገር ከቻሉ ፍጥነቱ ተስማሚ ነው።

መጠኑን እንዴት እናውቃለን?

መጠነኛ ሕመም መሰማቱ ብቻውን መገጣጠሚያው እየተጎዳ መሆኑን አያመለክትም። ሕመሙ ከእንቅስቃሴው በኋላ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን በቀጣዩ ጊዜ መጠኑን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አያቋርጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጥቂት መንቀሳቀስም ጨርሶ ካለመንቀሳቀስ እንደሚሻል መመሪያው ያስገነዝባል።

በዕለት ተዕለት ኑሮ

ዝቅተኛ በርጩማ ጉልበትን አብዝቶ ስለሚያጥፍ ከፍ ያለ ወንበር ይምረጡ። ሊፍት በሌላቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖሩ ሰዎች ደረጃ ሲወጡ ደህናውን እግር፣ ሲወርዱ ደግሞ የሚያመውን እግር ያስቀድሙ፤ መደገፊያውንም ይያዙ። ክብደት ለበዛባቸው ሰዎች 1 ኪሎ ግራም መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በ4 ኪሎ ግራም ገደማ ያቃልላል።

እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ መውሰድ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። በተለይ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ሊጠነቀቁ ይገባል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

የልብ ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች እንቅስቃሴ ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል። የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ደግሞ እንቅስቃሴውን አቁመው በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• መገጣጠሚያው በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ በተለይም ትኩሳት ካለ፤
• ከወደቁ በኋላ በእግርዎ መቆም ካልቻሉ፤
• የደረት ሕመም ወይም ከባድ የትንፋሽ ማጠር ካጋጠመዎት፤
• እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት።

ሕመሙ አስቸኳይ ባይሆንም ከሥራዎ ወይም ከእንቅልፍዎ የሚያውክዎት ከሆነ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ባለሙያው እንደ አስፈላጊነቱ የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍልዎታል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትም የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው በቅድሚያ በጤና ጣቢያ እንዲታዩ ይመከራል።