ሞተር ሲያነክስ፥ ውሃም ሲፈላ
(በደጋ መንገድ አሮጌ መኪና ለሚነዱና ለሚሳፈሩ ቤተ ሰቦች)



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄደው መንገድ ከተማውን ብዙ ሳይርቅ ዳገቱን ይጀምራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ግን ወደ 2,900 ሜትር ትጠጋለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሰው ሳንባ ብቻ ሳይሆን ለመኪና ሞተርም ፈተና ነው። ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያስገደደኝ አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የራሴ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥር 17 ቀን፥ በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዋዜማ፥ በአንድ ወዳጄ መኪና ከጎንደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ እንመለስ ነበር። መኪናይቱ አራት ሲሊንደር ያላት፥ ዕድሜዋ ከሾፌሯ ዕድሜ የሚበልጥ የቤንዚን መኪና ናት። ከኋላ ከሐኪም ቤት የወጡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ መሪውን የያዘው የባለቤቱ የበኩር ልጅ ነው። ዳገቱን እንዳጋመስን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ልጁም «የኔታ፥ ቆም ብናደርጋት አይሻልም?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ግን ጀምበር ስታዘቀዝቅ አይቼ፥ ዋዜማው እንዳያመልጠኝ ሰግቼ «የቀረን ጥቂት ነው፤ ንዳ ልጄ» አልሁት።

ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ ማነከስ፥ ከኮፈኑም ሥር ነጭ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። ልጁ ደንግጦ ወረደና አንዲት ቃል ሳልናገር የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ዞረው። የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ቀኝ ክንዱን እስከ ክርኑ አቃጠለው። እኒያ እናት ሕመማቸውን ረስተው የያዙትን የመጠጥ ውሃ ሁሉ በክንዱ ላይ አፈሰሱለት። በሌላ መኪና ወደ ጎንደር መለስነው። ክንዱ ድኗል፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም።

መኪናይቱ ተጎትታ ጎንደር ጋራዥ በገባች ጊዜ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መረመሯት። እሳቸውም መፍቻቸውን ከማንሣታቸው በፊት ባለቤቱን «ጧት ስትነሣ የምታነክሰው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ከኅዳር ጀምሮ ነው ጋሼ፤ ግን ጥቂት ቆይታ ትስተካከላለች። ካንዴላውንም ሁለት ጊዜ ለወጥንላት» አላቸው። «ውሃስ ትጠጣለች?» አሉት። «በየሳምንቱ አንድ ሊትር ያህል እንጨምርላታለን፤ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላየንም» አለ። ከዚህ በኋላ አራቱን ካንዴላዎች አውጥተው በተራቸው በጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱ ጥላሸት ይዘዋል፤ አንዱ ግን ታጥቦ እንደ ወጣ ሰሃን ጠርቷል። ሽማግሌውም ጣታቸውን በዚያ ላይ አኑረው «በደለኛው ይህ ንጹሑ ነው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞተሩ ራስ፥ ማለት ቴስታታው፥ ከታችኛው አካል ጋር በሚገጥምበት ቦታ ጋስኬት የሚባል ስስ መለያ አለ። ይህ መለያ በተቃጠለ ጊዜ ሌሊቱን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይንጠባጠባል፤ ጧት ሞተሩ ሲነሣ ያ ሲሊንደር ውሃውን በእንፋሎት አድርጎ እስኪያወጣ ድረስ አይቀጣጠልም። መካኒኮች «ሚስ ያደርጋል» የሚሉት ማነከስ ይህ ነው። እንፋሎቱም ካንዴላውን ያጥበዋል። ቀን ደግሞ የሚነደው ጋዝ በዚያው ቀዳዳ ወደ ውሃው እየገባ ውሃውን ያፈላዋል። እንግዲህ ጧት የሚያነክሰውና ቀን የሚፈላው አንድ ሕመም ነበር፤ እኛ ግን ሁለት ሕመም አስመስለን፥ ለአንዱ ካንዴላ ለሌላው ውሃ እየሰጠን ሁለት ወር አሳለፍን።

የመጀመሪያው ምክንያትስ ምን ነበር? የራዲያተሩ ክዳን ነበር። ላስቲኩ ደርቆ ግፊት መያዝ ትቷል። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በአምባ ጊዮርጊስ ከፍታ የአየሩ ክብደት ስለሚቀል በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ያለው ቴርሞስታት የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በሥራና በመፍላት መካከል የሚቀረው ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው። ደኅና ክዳን ግን ውሃውን አምቆ፥ በደጋ እንኳ ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ልጁን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ በሞተሩ ውስጥ ታምቆ የነበረው ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ባንድ አፍታ እንፋሎት ሆነ። ያረጀው ክዳን ለሥራ አልበቃም፤ ለማቃጠል ግን በቃ።

አሁን አሮጌ መኪና በቤቱ ያለው ሰው በራሱ ሊመረምር የሚችለውን በተራ እናገራለሁ።

አንደኛ፥ ማነከስ ሲመጣ በደለኛውን ሲሊንደር መለየት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅሎ፥ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኝቶ እንደ ገና ማስነሣት፤ ይህንም በየተራ ማድረግ። ገመዱ ሲነቀል ድምፁ ይበልጥ ከተበላሸ ያ ሲሊንደር ሠራተኛ ነበር፤ ምንም ለውጥ ካላመጣ ግን ሰነፉ እርሱ ነው። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጅ መንካት አይገባም። ይህም ዘዴ ለአሮጌ ሞተር ብቻ ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ለሚሠራው ለአዲሱ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ ካንዴላውን ማንበብ ነው። ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል ወይም ብልጭታው ደክሟል። በዘይት ከራሰ የፒስቶኑ ቀለበት ወይም የቫልቩ መሪ አርጅቷል። ነጥቶ ከፈነዳዳ በዝቶ ሞቋል። እንደ ታጠበ ከጠራ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። የተጠረጠረውን ካንዴላ ከደኅናው ጋር አለዋውጡ፤ ሕመሙ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፤ በቦታው ከቀረ ግን ሌላ ካንዴላ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሦስተኛ፥ ሕመሙ ከአራቱም ሲሊንደሮች የሆነ እንደ ሆነ የጋራቸውን ነገር መመርመር ነው፤ ይኸውም በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ፑንቲና፥ ኮንዴንሰሩና ካርቡሬተሩ ነው። በአምባ ጊዮርጊስ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። አሮጌው ካርቡሬተር ይህን ስለማያውቅ የቀድሞውን ያህል ቤንዚን ይለቃል፤ ጥላሸትና የጉልበት ማነስ ከዚህ ይመጣል። ማስተካከል ይቻላል፤ ዳሩ ግን በደጋ ቤንዚኑ የተቀነሰለት መኪና ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ቤንዚን አንሶት በጣም ይሞቃልና ከመውረዱ በፊት መካኒክ እንደ ገና ያስተካክለው።

አራተኛ፥ ውሃውን መመርመር ነው። ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘ ጊዜ ክዳኑን ከፍታችሁ አስነሡት፤ ውሃው ሳያቋርጥ አረፋ ከደፈቀ፥ ወይም የዘይቱ መለኪያ ወተት የተቀላቀለበት ቡና የሚመስል ዘይት ካወጣ፥ መኪናውን ሳትነዱ መካኒክ ጥሩ። ቺንጋው ላልቶ እንደ ሆነ፥ የፖምፓው ሥር የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ተመልከቱ። በእኛ አገር ደግሞ በውቂያ ወራት የሚበተነው ገለባ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰገሰጋል። የዚያች መኪና ራዲያተር ከፊቱ እኩሌታውን ገለባ ደፍኖት ነበር። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ቀስ ብሎ ውሃ በመርጨት ይወጣል። የምንጭ ውሃ ጨው እያኖረ ቧንቧውን ስለሚያጠብ፥ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናም ውሃ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ዝገትንና የወገራን ውርጭ የሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው።

በመንገድ ላይ መርፌው ከፍ ካለ ለሰው የሚሆነውን ማሞቂያ ክፈቱ፤ ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ካልወረደ ከመንገድ ዳር ቁሙና አጥፉት። የራዲያተሩ ላይኛ ቱቦ በእጅ ለመጨበጥ እስኪመች ድረስ ክዳኑን ማንም አይንካ፤ ይህም ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃልና። ሰው የተቃጠለ እንደ ሆነ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ እንጂ ቅቤ ወይም ሊጥ መቀባት አይገባም፤ ከዚያም ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በየቤቱ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዘመን ሊያገለግሉ ይሆናል። በገጠሩም አሮጌ መኪና የባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ወላድም በሽተኛም የሚጫንበት የጎረቤት ሁሉ ንብረት ነው። ለወዳጄ መኪና አዲስ ጋስኬት ገባላት፤ የተጣመመው ቴስታታዋም ተላገ። ይህ ሁሉ ወጪ የመጣው አንዲት የደረቀች ክዳን በጊዜዋ ስላልተለወጠች ነው።

እኔም በዚያች ሌሊት ዋዜማውን አልቆምሁም፤ በሐኪም ቤት በረንዳ ከልጁ አባት ጋር ተቀምጬ አነጋሁ። አባትየው አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከበደኝ። በቅዱሱ ዋዜማ ለመድረስ ቸኩዬ የሰው ልጅ አቃጠልሁ። ዛሬ ከዚያው ልጅ ጋር ያንን ዳገት ስወጣ፥ መርፌው ከፍ ሲል «ቁም ልጄ» የምለው እኔ ነኝ። እርሱም ፈገግ ብሎ ይቆማል፤ ጠባሳ ያለበትን ክንዱን በመስኮቱ ላይ አድርጎ፥ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ የወገራን ማሳ አብረን እናያለን።