መስኮቱን ማን ዘጋው? በኮልፌ ቢሮዎች ስለሚውለው ሠራተኛ

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ቢሮ ይውላል፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት፣ ዓርብ የምሳው እረፍት ስለሚረዝም 7 ሰዓት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሥር የሚተዳደረው የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ መደበኛ ሰዓቱ እስከ 48 ሊደርስ ይችላል። ይህ ሁሉ ሰዓት በምን ዓይነት ክፍል፣ በምን አየር፣ በምን ብርሃንና በምን ጫጫታ ውስጥ እንደሚያልፍ ግን ሲነገር የምንሰማው ጥቂት ነው። ስለ ሠራተኛው ስናነሳ ደመወዙን፣ ሥነ ምግባሩን፣ ሰዓት አክባሪነቱን እናነሳለን። ባለጉዳይ ላይ ፊቱን ያጠቆረውን ሰው እንወቅሳለን እንጂ የተቀመጠበትን ክፍል ቀና ብለን አናይም።

ኮልፌ ቀራኒዮ ይህን ለማየት የተመቸ ክፍለ ከተማ ነው። ከጦር ኃይሎች ወዲያ በአየር ጤና፣ በቤተል፣ በዓለም ባንክ፣ በ18 ማዞሪያና በአጠና ተራ ብትዘዋወሩ የአዲስ አበባን የቢሮ ታሪክ በአንድ ሰፈር ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የቀበሌ ቤት አለ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ከወጣ በኋላ በከተማዋ ብዙ ቀበሌዎች ጽሕፈት ቤት ያደረጉት የተወረሰ መኖሪያ ቤት ነበር። ሳሎኑ መዝገብ ቤት፣ መኝታ ቤቱ የሊቀ መንበሩ ክፍል ሆነ። ሥራው ሲበዛ በግቢው ውስጥ ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ያላቸው ክፍሎች ተቀጠሉ። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባለጉዳይና ሠራተኛ ካልጮኹ አይደማመጡም፤ መጋቢት ላይ ከቀትር በኋላ ጣሪያው ሙቀቱን በራስ ላይ ያወርደዋል። ፋይሉ እስከ ኮርኒሱ ተቆልሎ አቧራው በየቀኑ ይተነፈሳል።

ከዚያ ቀጥሎ በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በክፍለ ከተማ ስትዋቀር የተስፋፋው ቢሮ መጣ። ሰው በዝቶ ክፍል ሲጠብ፣ መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ጠረጴዛ ተሸክሞ ከግቢ ግቢ መዞር የተለመደ ሆነ። ሦስተኛው ደግሞ ዛሬ በየዋናው መንገድ ዳር የምናየው ባለ መስታወት የንግድ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ባንክና ሱቅ፣ ከላይ «ለቢሮ የሚሆን ይከራያል» የሚል ማስታወቂያ። የግል ድርጅቱም የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የሚከራየው ይህንኑ ነው።

ብዙ የምለው በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም እየበዛ ያለው እሱ ነው፣ ዘመናዊ ተብሎ የሚወደሰውም እሱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከምድር ወገብ ብዙም ያልራቀች ከተማ ናት። ቀን ላይ ሙቀቷ ከ25 ዲግሪ ብዙ ጊዜ አያልፍም። ጥላና ነፋሻ አየር ካለ ያለ ምንም ማሽን ዓመቱን ሙሉ ሊሠራባት የሚችል ከተማ ናት ማለት ነው፤ ብዙ አገሮች ለዚህ አየር ገንዘብ ይከፍላሉ። እኛ ግን ፀሐይዋ የምታቃጥል መሆኗን ረስተን ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ እናቆማለን። ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ እንደሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ይከብዳል። ሠራተኛው መጋረጃውን ይዘጋል፣ መጋረጃው ሲዘጋ ይጨልማል፣ ሲጨልም መብራት ይበራል። ከመስታወቱ የሚከፈተው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ አየር አይዞርም። ወለሉ በአልሙኒየምና በቺፕውድ ሲከፋፈል ደግሞ መሐል ላይ መስኮት የሚባል ነገር የሌላቸው ክፍሎች ይቀራሉ። እዚያ የሚሠራ ሰው ዝናብ መዝነቡን የሚያውቀው ከውጪ በገባው ባለጉዳይ ጃንጥላ ነው። ከሰዓት በኋላ ራሱን የሚያመው፣ የሚያዛጋው፣ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ የሚያነበው ሠራተኛ ሰነፍ ተብሎ ይገመገማል። የተነፈሰውን አየር መልሶ ሲተነፍስ መዋሉን የሚጠይቅ ገምጋሚ የለም።

የአየርን ነገር ለማስተማር ከኮልፌ የተሻለ ቦታ ደግሞ ባልኖረ ነበር። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ሆኖ የተቋቋመ፣ ኋላም በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የታወቀ ተቋም ነው። ከጎኑ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ አየሩ የማይለወጥበት፣ ሰው ተጨናንቆ የሚውልበት ዝግ ክፍል ደግሞ ይስማማዋል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታው ጫና ከበዛባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ለእኛም ትልቅ ትምህርት አለው። መስኮትና በር ሲከፈት የክፍሉ አየር በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ይለወጥ ነበር፤ ለአደገኛ ክፍሎች በማሽን የሚሰጠው ግን 12 ጊዜ ነው። ከሁሉም የበለጡት ከጥናቱ ከ50 ዓመት በላይ ቀድመው የተሠሩት፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለና መስኮታቸው ሰፊ የሆኑት አሮጌ ክፍሎች ነበሩ፦ በሰዓት 40 ጊዜ። በመስኮት አየር የሚያገኙት አዲሶቹ ክፍሎች 17 ላይ ቀሩ። አሮጌውን ከፍ ያለ ጣሪያ በኮርኒስ ዝቅ እያደረግን «አሳመርነው» የምንል ሁሉ ይህን ቁጥር ብናስብበት መልካም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብርድ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። በታክሲም በቢሮም መስኮት የከፈተ ሰው «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል» ይባላል። በኮቪድ ሰሞን ለጥቂት ወራት ተከፍቶ የነበረው መስኮት ሁሉ ወዲያው ተመልሶ ተዘጋ። ፍርሃቱን አላናንቅም። የኮልፌ ጠዋት ይበርዳል፣ ቢሮዎቻችን ማሞቂያ የላቸውም፣ መስኮት ሥር የተቀመጠችው ሠራተኛ አንገቷ ላይ የሚወርደውን ነፋስ የምትቀበለው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ መፍትሔው ተቆጥቶ መክፈት ሳይሆን ሲሠራ ማሰብ ነው፦ ከራስ በላይ የሚከፈት ትንሽ መስኮት፣ በፊት ለፊቱ ግድግዳ ሌላ መውጫ፣ ጠረጴዛውን ከነፋሱ መስመር ዞር ማድረግ። ይህን ማንም አናጺ በሁለት ቀን ይሠራዋል።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የመጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የምንለው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ አፈረሰ። በየክፍሉ በር ዘግቶ የሚቀመጠው ባለሙያ ወደ አዳራሽ ወጣ፤ ባለጉዳዩም አምስት በር ማንኳኳቱ ቀርቶ ከአንድ መስኮት ፊት ቆመ። ያ በር መፈረሱ ትክክል ነበር እላለሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለ ስንት ሰው ደጅ ጠንቶ እንደተመለሰ የዚያ ዘመን ባለጉዳይ ያውቀዋል።

ነገር ግን ሁሉም ሥራ አዳራሽ አይወድም። ባሏ የደበደባት ሴት ወረዳ ስትመጣ፣ ልጁ የተደፈረበት አባት ሊያመለክት ሲመጣ፣ ቃላቸውን የሚሰጡት ከኋላ ሰልፍ የያዘው ሰው ጆሮ እየሰማ ነው። ብዙዎቹ ግማሹን ተናግረው ግማሹን ውጠው ይመለሳሉ። የምትሰማቸው ባለሙያም ከዚያ ቀጥላ በዚያው ወንበር የሌላ ሰው ጩኸት ትሰማለች፤ ዞር ብላ ትንፋሽ የምትሰበስብበት ጥግ የላትም። ሒሳብ የሚሠራውም፣ ሪፖርት የሚጽፈውም ስልክና ክርክር ባለበት መሐል አንድ ገጽ ለመጨረስ ይታገላል። ክፍት ቢሮ ሰውን ያቀራርባል የሚለው እምነት በውጭም ተፈትኗል። ኢታን በርንስታይንና ስቴፈን ቱርባን እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ግድግዳቸውን ካነሱ በኋላ ሠራተኞች ፊት ለፊት የሚነጋገሩበት ጊዜ በ70 በመቶ ገደማ ቀንሶ በኢሜይል የሚጻጻፉት ጨምሮ ተገኝቷል። ሰው ከለላ ሲያጣ ወደ ውስጡ ይሸሻል። ለኃላፊው የተነሳው ግድግዳ ምስጢር ይዛ ለመጣችው ሴት መመለስ አለበት፤ አንዲት ትንሽ ዝግ ክፍል ትበቃለች።

ከቢፒአር ቀጥሎ ካይዘን የሚባለው የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ መጣ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ማጣራትና ማጽዳት፣ ዕቃን በየቦታው ማስቀመጥ ብዙ መዝገብ ቤቶችን አትርፏል፤ የጠፋ ፋይል ፍለጋ ሳምንት መመላለስ በቀረበት ቦታ ሁሉ ምስጋና ይገባዋል። ጽዳቱ ግን ጠረጴዛውን ከሰው ምልክት ሁሉ ወደ ማራገፍ የሄደበት ቦታም አለ። የልጅ ፎቶ፣ የግል ስኒ፣ በጣሳ የተተከለች አበባ ይነሱ ይባላል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሬግ ናይትና አሌክስ ሃስላም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ፈትነውታል። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡት ይልቅ ክፍላቸውን ራሳቸው እንዲያስተካክሉ የተፈቀደላቸው ሰዎች እስከ 32 በመቶ የሚደርስ ብልጫ ያለው ሥራ ሠርተዋል። ክፍሉን ሌላ ሰው ያሳመረላቸውም ከባዶው ተሽለዋል፤ ራሳቸው እንዳሳመሩት ግን አልሆኑም።

እኛ ዘንድ የሚጎድለው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ሠራተኛው አይጠየቅም። በጀት ሲገኝ መጀመሪያ የሚታደሰው የኃላፊው ክፍል ነው፦ ምንጣፍ፣ የቆዳ ሶፋ፣ ረጅም የስብሰባ ጠረጴዛ። ግድግዳ አልፎ ባለው ክፍል ግን መደገፊያው የተሰበረ ወንበር በካርቶን ተደግፎ ሰው ስምንት ሰዓት ይቀመጥበታል፤ ወገቡን ሲያመው በራሱ ወጪ ይታከማል። የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ በሆነበት ፎቅ፣ ሴት ሠራተኞች ውኃ ሳይጠጡ መዋልን ይለምዱታል። ይህ በየስብሰባው ከሚነሳው «ምቹ የሥራ ከባቢ» ጋር አይሄድም።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የመንግሥት ቢሮ ብሩህና ንጹሕ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ ደስ የሚያሰኝ ጅምር ነው። ተገልጋዩ በሚቆምበት በኩል የታየው ጥንቃቄ ከመስኮቱ ኋላ ለሚቀመጠውም፣ በየወረዳውም ይድረስ ነው የምለው።

«ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ያለውን ሠራተኛ ስለ መስኮት ታወራለታለህ ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው እውነት አለው። የቤት ኪራይና የትራንስፖርት ወጪ የከበደው ሰው በወንበር ብቻ አይጽናናም፤ ቀላል ባቡሩ ጦር ኃይሎች ላይ ስለሚያበቃ ከዚያ ወዲያ በታክሲ ሰልፍ ደክሞ የሚደርሰውም ብዙ ነው። ግን ደመወዝ ለመጨመር የአገር በጀት ያስፈልጋል፤ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ለመስጠት አያስፈልግም። ደክሞ የመጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚያደክም ክፍል ሊጠብቀው አይገባም።

ሕግ አልጎደለም። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መንቀሳቀሻ እንዲኖረው ያዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። በሥጋ ደዌ እግርና እጃቸው የተጎዱ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዘነበወርቅ ሰፈር፣ ሊፍቱ የማይሠራ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ መከራየት እንዴት እንደሚፈቀድ አይገባኝም።

የቢሮ ኪራይ ውል የምትፈርሙ ኃላፊዎች፣ የድርጅት ባለቤቶችም፦ ከመፈረማችሁ በፊት ክፍሉን በጠዋት ሳይሆን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግቡበት። መስኮቱን ክፈቱና አየሩ ሲዞር እዩ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ደብዳቤ ለማንበብ ሞክሩ፣ ውኃውን ክፈቱት፣ ደረጃውን አዛውንት ይዛችሁ ውጡት። ከዚያ በኋላ እዚያ የሚውሉትን ሠራተኞች ጠርታችሁ ጠይቋቸው፤ ያሉትንም በውሉ ላይ አስገቡት።