«ከደቡብ መስቀል በታች»፦ የሰፋሪዎቹ ፊልምና የካዛንቺስ ቤቶች

ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘችባቸው ዓመታት ስለ አፍሪካ ከሠራቻቸው የትረካ ፊልሞች ውስጥ ስማቸው በሰፊው የሚነሳው ትልልቆቹ ናቸው። የሮማውን ጄኔራል ድል የሚተርከው «ሺፒዮኔ አፍሪካዊው» የመንግሥት ካዝና ተከፍቶለት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1937 በቬኒስ ፌስቲቫል የሙሶሊኒን ዋንጫ ወሰደ። በዓመቱ ዋንጫው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ በበላይነት ለተቆጣጠረውና በኢትዮጵያ ጦርነት ስለሚሞት አብራሪ ለሚናገረው «ሉቻኖ ሴራ፣ አብራሪ» ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ ተራው የካፑቺኑ ሚሲዮናዊ የጉሊኤልሞ ማሳያ ታሪክ የሆነው «አቡነ መሲያስ» ነበር። በእነዚህ መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ጉይዶ ብሪኞኔ የሚባል ዳይሬክተር «ከደቡብ መስቀል በታች» የተሰኘ አነስ ያለ የጀብዱ ፊልም ሠርቷል። አንድ እርሻ፣ ጥቂት ሰፋሪዎች፣ አንድ ክፉ ነጋዴና አንዲት ሴት ናቸው ያሉት። የሮማ ሠራዊት አይሰለፍበትም፣ ስለ ቅዱሳንም አይሰብክም። ሆኖም ጣልያን እዚህ አገር ምን ልትሠራ መጥታ እንደነበር መረዳት የሚፈልግ አዲስ አበቤ፣ በተለይም በቂርቆስና በካዛንቺስ ያደገ ሰው፣ ባለዋንጫዎቹን ትቶ ይህን ቢያይ የበለጠ ያተርፋል። ትልልቆቹ ፊልሞች ስለ ድልና ስለ ጀግንነት ሲያወሩ ይህ ትንሹ ስለ ኑሮ ያወራል፤ መሬቱን ማን እንደሚይዘው፣ ሰፋሪው የት እንደሚያድር፣ ከማን ጋር መኖር እንደሚፈቀድለትና እንደማይፈቀድለት።

ታሪኩ የሚፈጸመው ጣልያኖች ጅማን ዋና ከተማው ባደረጉት የደቡብ ምዕራብ ግዛት ነው። ጦርነቱ አልቋል ተብሎ ማርኮና ፓኦሎ የሚባሉ ጣልያኖች እርሻ ሊረከቡ ይመጣሉ። ሲደርሱ ቦታውን ሲሞን የሚባል፣ አገሩ የት እንደሆነ በውል የማይታወቅ፣ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወደቦች የመጣ የሚመስል ጀብደኛ ይዞት ያገኙታል። አብራው የምትኖረው ማይሉ ክልስ ናት። ወጣቱ ፓኦሎ በማይሉ ፍቅር ይያዛል፤ ሲሞንም ተንኮሉን ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው የጀብዱ ፊልም ወግ ነው፤ ተንኮለኛው ዋጋውን ያገኛል፣ ሴትየዋ ትሄዳለች፣ ጣልያኖቹ እርሻቸውን ይዘው ይቀራሉ። ማይሉን ሆና የተጫወተችው ዶሪስ ዱራንቲ የሊቮርኖ ልጅ ናት። ከዚያ በፊትም «የነሐስ ዘቦች» በተባለው ፊልም የሶማሌ ልጃገረድ ሆና ተጫውታ ነበር። አፍሪካዊ ደም ያላትን ሴት ጣልያናዊት በቀለም ጠቁራ ስትጫወታት፣ ካሜራው ፊቷ ላይ እየቆየ ተመልካቹ እንዲመኛት ይጋብዛል፤ ታሪኩ ደግሞ ያው ተመልካች እንዲሸሻት ያዛል። የፊልሙ ውጥረት ያለው እዚህ ላይ ነው። የአገሩ ባለቤቶች ግን በጅምላ፣ እንደ ሠራተኛና እንደ አጃቢ ብቻ ከኋላ ይታያሉ።

ይህ ውጥረት ከደራሲው ምናብ ብቻ የመነጨ አይደለም። ፊልሙ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም.፣ ሮማ ያወጣችው አዋጅ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ጣልያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ፊልሙ በወጣበት ዓመት መጨረሻ፣ በኅዳር 1931 ዓ.ም.፣ ከሌላ ዘር ጋር ጋብቻ ጭራሹን ተከለከለ። በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ከእንዲህ ያለ ግንኙነት የተወለዱ ልጆች የጣልያን ዜግነት እንዳያገኙ ተደረገ። እነዚህን ሕጎች በተርታ አስቀምጦ ፊልሙን የሚያይ ሰው ማይሉ መጨረሻ ላይ ለምን እንደምትሄድ አይጠፋውም። ፓኦሎ ቢያገባት ወንጀለኛ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ታሪኩ የፍቅር ታሪክ ሆኖ ይጀምርና ሕጉ የማይነካበት ቦታ ላይ ያበቃል። ሕጉ በእስር ያስፈራራበትን ነገር ፊልሙ በትካዜና በዘፈን አለስልሶ ለወጣቱ ሰፋሪ ያስተምረዋል።

ይኸው ትምህርት በአዲስ አበባ በድንጋይና በኖራ ተጽፎ ነበር። ከተማዋ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. እንደተያዘች አርክቴክቶቹ ኢኛሲዮ ጉይዲና ቼዛሬ ቫሌ ባወጡት ፕላን አውሮፓውያንና የአገሩ ሰዎች እንዲለያዩ ተወሰነ። ሐበሻው ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ከተማና መርካቶ ወደምንለው እንዲገፋ ሲደረግ ምሥራቁና መሐሉ ለጣልያኖቹ ተመደበ። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም በምሥራቅ በኩል ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ መኖሪያ ገነባ፤ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተቋም ነው። በቂርቆስ በኩል ያለው ፖፖላሬ ደግሞ ዝቅ ላለው የጣልያን ሠራተኛ የታሰበ ነበር። የካዛንቺስ ቤቶች አሠራር ራሱ ይናገራል፤ እያንዳንዱ በአጥር ተከልሎ የየራሱ ግቢ ያለው፣ ለአንድ ባል፣ ለአንዲት ሚስትና ለልጆቻቸው የተለካ ነው። ብቻውን መጥቶ ከአገሩ ሴት ጋር የሚኖረውን ጣልያናዊ መንግሥቱ ወንጀለኛ ባደረገበት ሰዓት፣ ከአገሩ ቤተሰቡን እንዲያመጣ የሚጋብዝ ቤት ሠራለት። አዋጁ የከለከለውን ቤቱ በሌላ መንገድ ከለከለው፤ ፊልሙም እንዲሁ።

እዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ፊልሙ ጭቆናን አልተቃወመም ወይ? ክፉው ሲሞን የሚጠላው የአገሩን ሰው ስለሚበዘብዝ አይደለም ወይ? ላይ ላዩን ሲታይ እውነት ይመስላል። ግን ሲሞን ማን እንደሆነ እንይ። ጣልያናዊ አይደለም። ብዝበዛውን ሁሉ የተሸከመው ባዕድ ነጋዴ ሲጠፋ ብዝበዛም አብሮ እንደጠፋ ተደርጎ መሬቱ ንጹሕ ሆኖ ለማርኮና ለፓኦሎ ይተላለፋል። ይህም ከጊዜው ፖለቲካ ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ1937 የጣልያን አስተዳደር በኢትዮጵያ ትልቁ የንግድ ድርጅት የነበረውን የሕንዶቹን መሐመድ አሊ ኩባንያ ከአገር አስወጥቷል። ቀደም ሲል የአዲስ አበባን ንግድ የያዙት ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮችና ዐረቦች ለኢምፓየሩ ኩባንያዎች ቦታ እንዲለቁ ነበር የሚፈለገው። ሲሞን የዚህ ፖሊሲ የፊልም ገጸ ባሕርይ ነው። በእሱ ላይ የሚወርደው ቁጣ ለገበሬው ከመቆርቆር የመጣ ቢሆን ኖሮ አንድ ገበሬ እንኳ ስም ኖሮት ሲናገር እንሰማ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ፊልም ልብ ወለድ ነው፣ የዚያውም ስለ ገጠር እርሻ እንጂ ስለ አዲስ አበባ አይደለም፣ ታዲያ ስለ ካዛንቺስ ምን ሊመሰክር ይችላል? እኔ ግን ምስክርነቱ ያለው በውሸቱ ውስጥ ነው እላለሁ። ፋሺስቱ መንግሥት በኢትዮጵያ መሬት ላይ በብዛት የሚሰፍር የጣልያን ገበሬ ተመኝቶ ነበር። በሆለታና በቢሾፍቱ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር እርሻዎች ተከፈቱ፤ ለሮማኛ ገበሬዎች በሰሜን ጎንደር ወገራ፣ ለፑሊያ ገበሬዎች በሐረርጌ ጨርጨር ላይ ሰፈራ ተጀመረ። በእርሻ የሰፈረው ሰው ግን ከጥቂት ሺህ አላለፈም፤ ዋናው ጣልያናዊ የነበረው ከተማ ውስጥ ነው፣ በቢሮ፣ በመንገድ ሥራ፣ በጋራዥና በሱቅ። እርሻው ያልሰመረበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በሸዋ እነ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም እነ በላይ ዘለቀ የመሳሰሉ አርበኞች ሰፋሪውንም ወታደሩንም እንቅልፍ ነስተውት ነበር። ፊልሙ ሰላማዊ ባደረገው በዚያው በደቡብ ምዕራብ እንኳ ራስ እምሩና «ጥቁር አንበሶች» ከተባሉት አርበኞች ጋር የነበረው ሠራዊታቸው ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከብበው እጅ የሰጡት በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህም እነ ገረሱ ዱኪ ትግሉን አላቋረጡም። ስለዚህ ፊልሙ ያሳየው ጸጥ ያለ እርሻ ጣልያን ያላገኘችው ነገር ነው፤ ያገኘችው ካዛንቺስን፣ በአጥርና በወታደር የተጠበቀውን የጸሐፊ ግቢ ነው። ሕልሙንና ሕልሙ የደረሰበትን ቦታ ጎን ለጎን ማየት የሚቻለው ሁለቱን አብረን ስናይ ነው።

«ክፋታቸው ክፋት ቢሆንም ጥሩ ቤት ሠርተዋል» የሚለው አባባልም በከተማችን የተለመደ ነው። ቤቶቹ ጥሩ እንደነበሩ አልክድም፤ ኢትዮጵያውያን ከነጻነት በኋላ ገብተው ለአሠርት ዓመታት ኖረውባቸዋል። ግን ማን እንዳይገባባቸው እንደተሠሩ መርሳት የለብንም። የቤቱን ጥራት ከተሠራበት ሐሳብ ለይቶ ማመስገን ፊልሙ የሠራውን ዘዴ መድገም ነው፤ እርሻውን አሳይቶ ባለ እርሻውን መደበቅ። ስለ ካዛንቺስ ከተነሳ መመስገን ያለበት የተከታዩ ትውልድ ሥራ ነው። በ1953 ዓ.ም. ከሰፈሩ አጠገብ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች እዚያው ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። አዳራሹን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ከአሥመራ የመጣ ጣልያናዊ ነው፤ ግድግዳውን የሞላው የመስታወት ሥዕል ግን የአፈወርቅ ተክሌ ነው፣ ጉዳዩም የአፍሪካ ነጻ መውጣት። ጣልያኖቹ «ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሲኒማም ሳይጨርሱት ቀርቶ በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ሆነ።

የቅርብ ጊዜው ክስተት የካዛንቺስን ታሪክ ጉዳይ አስቸኳይ አድርጎታል። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈረሰ፣ ነዋሪውም ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛወረ። ቤቶቹ ቆመው ሳለ ግድግዳውን እያዩ የሰፈሩን አመጣጥ መተረክ ይቻል ነበር፤ አሁን ያ ማስረጃ እጅግ ሳስቷል። የቀሩት ወረቀቶቹ፣ ፎቶግራፎቹና ፊልሞቹ ናቸው፣ ከእነሱም አብዛኛው ያለው ሮማ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለፊልም ትምህርት ቤቶቻችንና ለቤተ መዛግብቶቻችን ነው። «ከደቡብ መስቀል በታች» ከጣልያን መዛግብት ቅጂው ተጠይቆ፣ ትርጉሙ በአማርኛ ከሥር ተጽፎለት፣ ከ1929ኙና ከ1931ዱ አዋጆች ጋር አብሮ ለተማሪዎች ይታይ። የፋሺስት ፕሮፓጋንዳ ማሳየት አደገኛ ነው የሚለውን ስጋት እረዳለሁ፤ ግን ሳይብራራ በሰው ስልክ ከሚዘዋወር ይልቅ አዋጁ በተነበበበት ክፍል ውስጥ ቢታይ አደጋው ይቀንሳል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 «ዓድዋ»ን ሲሠራ የዓድዋን ጦርነት ታሪክ ከእኛ ወገን ተርኮታል። የሰፋሪዎቹ አምስት ዓመት ከተማ ውስጥ እንዴት እንደታለፈ፣ ማይሉ ከእርሻው ስትወጣ ወዴት እንደሄደች፣ እሷን የመሰለች ሴት በአዲስ አበባ ምን ሠርታ ልጇን እንዳሳደገች የሚተርክ የእኛ ፊልም ደግሞ ገና ይጠበቃል። የሰፈሩን ያለፈ ዘመን የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬ በየአዲሱ መኖሪያቸው ተበትነዋል፤ ድርሰቱን የሚጽፍ ሰው ሊጀምር የሚገባው እነሱን በመፈለግ ነው።