ቅዳሜያችንን የምትበላ መኪና

በግቢያችሁ ውስጥ ዕድሜዋ ከበኩር ልጃችሁ የሚበልጥ መኪና ቆማለች? እንግዲያው ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። መኪና የሌላችሁም ብትሆኑ አትለፉት። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፣ በአምቦ ይሁን በጉደር፣ በጌዶ ይሁን እኛ በምናገለግልበት በሸነን፣ አንዲት አሮጌ መኪና የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሆና አታውቅም። ሙሽራ ትወስዳለች፤ ለቀስተኛ ታደርሳለች፤ ሌሊት ምጥ የያዛትን እህት ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ትሮጣለች። ስለዚህ የእርስዋ ፍሬን የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

"ለምን ሸጣችሁ አዲስ አትገዙም?" የሚሉን አሉ። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንየው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መለዋወጫው የሚመጣው በዶላር ነው፤ የአገልጋይ ደመወዝ ግን በብር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነገር መሆኑን አልክድም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ማን ደፍሮ ይገዛል? እንግዲህ አዲሱ ራቀን፣ አሮጌውም ተወደደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮፈን ከፍቶ የሚያጎነብስ አባወራ ቢበዛ ምን ይገርማል?

የእኛዋ "ዲ ኤክስ" ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራች የቶዮታ ኮሮላ ስትሆን አርባ ዓመትን አልፋለች። ኮምፒውተር የላትም፤ ቤንዚኗን በካርቡሬተር ነው የምትጠጣው። ኮፈኗን ስትከፍቱት ሁሉም ነገር ይታያል፤ እጅም ይገባል። ፈተናው ያለው እዚሁ ላይ ነው። የሚታይ ነገር ሁሉ የሚቻል ይመስላል!

በእጃቸው የሠሩ ሰዎች የሚያውቁት ብስጭት አለ። አንዲት ቀላል ዕቃ ለመቀየር ሦስት ሌሎች ዕቃዎች መነሣት አለባቸው። ከሦስቱ የአንዱ ቡሎን ዝጎ እምቢ ይላል። ኃይል ሲጨመርበት ይሰበራል ወይም ጥርሱ ይበላል። ቁጥር 12 ቁልፍ ከፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለ የምትፈለገው ቁጥር 10 ትሆናለች፤ ቁጥር 10 ደግሞ ሁልጊዜ የጠፋች ናት። (የመኪና ነገር ስሙ ብዙው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ። ባለቤቴ ቡሎን ሲሰበርበት የሚያወጣው ድምፅ ግን የየትኛውም አገር ቋንቋ አይደለም።) በመጨረሻ የሚፈለገው ዕቃ ሸነን ላይ የለም፣ አምቦም ላይ የለም፤ አዲስ አበባ መርካቶ ተደውሎ በአውቶቡስ ይላካል። ሲደርስም በመጠን ያንሳል ወይም ይበልጣል።

እኛን አንድ ሱቅ "ኦሪጅናል ነው" ብሎ የሸጠን የውኃ ፓምፕ በሦስተኛው ሳምንት ማንጠባጠብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ የተበላሸውን አሮጌ ዕቃ በእጁ ሳይዝ፣ የሻንሲ ቁጥሯን ሳይጽፍ ከሱቅ በር አይደርስም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። በስልክ የሚታዘዝ ከሆነ ፎቶግራፉ ከማስመሪያ ጋር ተነሥቶ ይላክ። ሻጩ ቢያጉረመርም ግድ የለም።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ አንድ መስመር አስምሩ። ብትሳሳቱ መኪናዋን መንገድ ላይ የሚያቆማትን ሥራ ራሳችሁ ሥሩት። ብትሳሳቱ እንዳትቆም የሚያደርጋትን ሥራ ግን ለባለሙያ ስጡት። ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ የሞተር ዘይት፣ ቺንጊያ፣ የባትሪ ራስ፣ የራዲያተር ቱቦ በቤት ይሠራሉ። እነዚህ ቢበላሹ የከፋው ነገር ጥቁር ኢንጪኒ መንገድ ላይ ቆሞ ርዳታ መጠበቅ ነው። ፍሬንና መሪ ግን የተለዩ ናቸው።

በቤት ስለሚሠራው ጥቂት ልበል፤ የእኛ አካባቢ ከሌላው የሚለይበት ነገር አለና። አምቦ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ ወደ ጅባት ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ለሳሳው አየር እንደ ድሮው ብዙ ቤንዚን ያፈስለታል። ስለዚህ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ጉልበቷ ይከዳል። ብዙ ሰው "ሞተሩ አልቋል" ብሎ ሊያስወርደው ይነሣል። ከማስወረዳችሁ በፊት ካንዴላውን ፍቱና እዩት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካርቡሬተሩንም ለዚህ ከፍታ አስተካክሉ ወይም አስተካካይ ጥሩ። ቅባት ያለው እርጥብ ጥቁር ከሆነ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ሊሆን ይችላል፤ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

ውኃም እንዲሁ ነው። በአምቦ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተር ደግሞ በጤናው ጊዜ እንኳ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። መካከሉ ጠባብ መሆኑን ታያላችሁ? ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ውስጡን በግፊት አፍኖ ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። ጎማው የደረቀ ክዳን በጨርቅ ጠቅልሎ መጠቀም ሞተርን መቀቀል ነው። ክዳን ከቴስታታ እጅግ ይረክሳል። የሞቀ ራዲያተር ግን ፈጽሞ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ደግሞ ምንጭ ስላገኛችሁ ብቻ ያገኛችሁትን ውኃ አታፍስሱ። የአምቦ ጠበል ለሆድ የሚወደደው በውስጡ ባለው ማዕድን ነው፤ በራዲያተር ውስጥ ግን ያው ማዕድን በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የምታዩትን ነጭ ቅርፊት ይጋግርና ቀጫጭን ቱቦዎችን ይደፍናል። የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ይሻላል፤ የተጣራ የባትሪ ውኃ ከኩላንት ጋር ከተገኘ ደግሞ የበለጠ። "ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ጣሉት" የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። በእኛ ብርድ ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ሳይሞቅ ከቤት ይወጣል፣ ሳይሞቅ ይመለሳል፤ ቤንዚን ይፈጃል፣ ዘይቱንም ያበላሻል።

ወደ ፍሬን እንመለስ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን እስከ 140 ይወርዳል። ከጅባት ከፍታ ወደ አምቦና ጉደር ስትወርዱ ፍሬኑ በተደጋጋሚ እየተረገጠ ይግላል። ያን ጊዜ ያረጀው ዘይት ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም እስከ ወለል ይሰምጣል። ጠዋት ግቢ ውስጥ ሲሞከር ጤነኛ የነበረ ፍሬን ነው ይህን የሚያደርገው። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ያለፈው የዚያን ዕለት ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ በባለሙያ አስቀይሩ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ መውረድንም ከቤታችሁ አስወጡት። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል።

እህቶች፣ ይህችን ለእናንተ ልጨምር። በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር ባላችሁ ቢገባ፣ ባትሪውን ይዛችሁ ከማብራታችሁ በፊት "ውጣልኝ" በሉት። ክሪክ ይንሸራተታል። ወፍራም ግንድ ወይም ብረት ማቆሚያ ሥሯ ይደረግ፣ ጎማዎቹም በድንጋይ ይታገዱ። የተጋገረ እንጀራ እስኪበርድ ቢጠብቀን ምንም አይደለም።

ወንድሞችም ስሙ። ቅዳሜ ከመኪና በፊት የሚስትና የልጆች ነበረች። ሚስቶችን የሚያስቆጣቸው ብዙ ጊዜ የመኪናዋ ብልሽት አይደለም፤ "አንድ ሰዓት ብቻ" ተብሎ ፀሐይ መጥለቁ፣ የአስቤዛው ብር ሳይነገር ለፊልትሮ መውጣቱ ነው። በተለይ ይህ ሁለተኛው ጉዳይ በብዙ ቤት የተሰወረ ቁስል ነው። ሁለት ሺህ ብር ወጥቶ "አምስት መቶ ነው" ሲባል፣ ከመኪናዋ ይልቅ መተማመኑ ይበላሻል። የጋብቻ ምክር ፈልገው ወደ ቤታችን ከመጡ ባለትዳሮች መካከል ጠቡ ከጋራዥ ደረሰኝ የጀመረ አለ።

እኛ ቤት አንድ ደብተር አለ፤ ከመሳቢያዋ ወጥቶ አያውቅም። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተሠራው፣ የወጣው ብር ይጻፍበታል። በየስድስት ወሩ ሁለታችን ደምረን እናየዋለን። የስድስት ወሩ ድምር በዚያው ጊዜ በሕዝብ ማመላለሻ ከምንከፍለው ከእጥፍ በላይ ከሆነ ስለ መሸጥ እንነጋገራለን፤ አሁን ገዢ አይጠፋም። እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ከዚያ ድንበር ደርሰናል፤ ሦስት ቀን ተከራክረን አቆየናት። በዚህ ወር የተጻፈው ሦስት መስመር ነው፦ የራዲያተር ክዳን፣ በቤት፤ አራት ካንዴላ፣ በቤት፤ የፍሬን ዘይት፣ አምቦ፣ ጋራዥ። ከሦስተኛው መስመር ጎን ባለቤቴ በእርሳስ "ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለታችንም እንሂድ" ብሎ ጽፎበታል።