የማያመው ኩላሊት



ስፓይና ቢፊዳ ይዟቸው ከተወለዱት ሕፃናት ቀደም ሲል ብዙዎቹ ሳያድጉ ይሞቱ ነበር። ዛሬ ጀርባቸው በቀዶ ሕክምና ተዘግቶ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ አሉ። ሆኖም ካደጉ በኋላ ክትትሉ ብዙ ጊዜ ስለሚቋረጥ፣ በዚህ እትም ስለ ኩላሊታቸው ጥቂት ልናስረዳ እንወዳለን።

አከርካሪው ሳይዘጋ ስለ ቀረ ወደ ሽንት ፊኛ የሚሄዱት ነርቮች በደንብ አይሠሩም። ፊኛው ሽንቱን ጨርሶ አያስወጣም፤ በውስጡም ግፊት ይበዛል። ግፊቱ ሽንትን ወደ ላይ እየመለሰ ኩላሊትን ያሳብጣል፤ ኢንፌክሽን ሲጨመርበትም ጠባሳ ይተዋል። ታማሚው ግን ሕመም ላይሰማው ይችላል። የደም ምርመራም ያዘናጋል፤ ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ስለ ሆነ፣ እግሩ በሰለለ ሰው ላይ ኩላሊቱ ተጎድቶም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ኩላሊቱን በምስል ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፤ መርፌም አይጠይቅም። የጋይንት ወይም የእስቴ ሰው ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ድረስ ሳይሄድ ደብረ ታቦር ላይ ሊታይ ይችላል። እብጠትን፣ ጠጠርንና የፊኛ ግድግዳ መወፈርን ያሳያል፤ ከሽንት በኋላ ሲደገም በፊኛው የቀረው መጠን ይለካል።

ሌሎቹ በምክንያት ይታዘዛሉ። ፊኛው በቀለም ተሞልቶ ራጅ ሲነሣ ሽንት ወደ ኩላሊት መመለሱ ይታወቃል። ሲቲ ስካን ጠጠርን አጥርቶ ያሳያል፤ ጨረሩ ብዙ ስለ ሆነ ግን ለየዓመቱ ክትትል አይመረጥም። ዲ ኤም ኤስ ኤ የተባለው የኑክሌር ምርመራ ጠባሳውንና የእያንዳንዱን ኩላሊት የሥራ ድርሻ ይለያል፤ የሚደረገውም መሣሪያው ባለባቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። ጀርባው በመጉበጡ ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ በደንብ ላልታየ ሰው ኤም አር አይ ይረዳል።

ዋናው ጥቅም ግን የዘንድሮውን ከአምናው ጋር በማወዳደር ላይ ነው። ስለዚህ ታማሚው በየዓመቱ ይታይ፤ የውጤቱንም ወረቀት ራሱ ያስቀምጥ። ጉዳቱ ቶሎ ከታወቀ መፍትሔ አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዶክተር ጃክ ላፒደስ በአሜሪካ እንዳስተዋወቁት፣ ታማሚው እጁን ታጥቦ በንጹሕ ካቴተር ሽንቱን በቀን ብዙ ጊዜ ራሱ ሊያወጣ ይችላል። የላቴክስ አለርጂ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ስለሚበዛ፣ ጓንቱም ካቴተሩም ከላቴክስ ነጻ ይሁን።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ «ምንም አያመኝም» ስላለ ብቻ አትተዉት። አንድ ቀንና የመኪና መሳፈሪያ ኩላሊቱን ሊያተርፉለት ይችላሉ።