የድሮ ቡና መፍጫ በጥርሱ ይመረጣል

ለባህላዊ ማድ ቤት፣ ከሙቀጫው ጎን የሚቀመጥ የድሮ የእጅ ቡና መፍጫ የሚፈልግ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በእንጨቱ ወዝ፣ በናሱ ጌጥና በትንሿ መሳቢያ ላይ ነው። ምርጫው ግን ከማይታየው ክፍል፣ ከጥርሱ መጀመር አለበት። የእነዚህ ዕቃዎች ታሪክ ራሱ የብረት ሥራ ታሪክ ነውና። ዛሬ በመኪና የምናውቀው የፈረንሳዩ የፔዦ ቤተሰብ አስቀድሞ የመጋዝ ስለትና የሰዓት ሞላ ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1840 የመጀመሪያውን የቡና መፍጫ ሲያወጣም የተመካው በዚሁ የብረት ሙያው ላይ ነው።

የመፍጫው ውስጥ ቀላል ነው። እጀታው የሚያዞረው ዘንግ ጫፉ ላይ ሾጣጣ ብረት ይዟል፤ ሾጣጣው ጥርስ ባለው ቀለበት ውስጥ ይዞራል። ከላይ ያሉት ሰፋፊ ጥርሶች ፍሬውን ይሰብራሉ፣ ወደ ታች እየጠበቡ የሚሄዱት ያልሙታል። የዱቄቱን ልክ የሚወስነው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ዘንጉ ከተወላገደ ወይም መያዣው ከተበላ ግን ክፍተቱ በየዙሩ ይለዋወጣል፤ አንዱ ፍሬ ልሞ ሌላው እንደ ክክ ይወርዳል። የላመው ምሬቱን ቶሎ ሲለቅ፣ ክኩ ጣዕሙን እንደያዘ ይቀራል። ይህን ለመለየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እጀታውን ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉ፤ ባዶውን አዙሩና ብረት ከብረት ሲፋተግ ይሰማ እንደሆነ አዳምጡ፤ ከተፈቀደም ጥቂት የተቆላ ቡና ፈጭታችሁ ዱቄቱን በጣት ዳብሱ። ላይ ላዩን የያዘ ዝገት በብሩሽ ይለቃል፣ የተሸረፈ ጥርስ ግን አይመለስም።

«ሙቀጫስ መች እኩል ያልማል? ቡናው ግን ይጣፍጣል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ግን በሙቀጫው ላይ የወቃጯ ዓይንና እጅ አሉ፤ ሻካራውን አይታ ትደግመዋለች፣ በቃኝ ስትል ታቆማለች። መፍጫው ፍሬውን የሚያገኘው አንዴ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ አስቀድሞ በጥርሱ ውስጥ መኖር አለበት። ለጌጥ ብቻ የሚገዛ ሰው በመልኩ ቢመርጥ አልቃወምም፤ ያም ሆኖ የተላላጠ አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ከምግብ ዕቃ ያርቀው።

ስለ ዓይነቱ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በጉልበት መካከል ተይዞ የሚፈጨው ባለ ሣጥኑ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ቦታ ይቆጥባል፤ ዱቄቱን የሚቀበለው ብርጭቆ ግን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ስለሚገኝ መኖሩን አረጋግጡ። ሁለት ትልልቅ መዘውር ያላቸው የአሜሪካ መፍጫዎች፣ ለምሳሌ በፊላደልፊያ ኢንተርፕራይዝ የተባለው ፋብሪካ የሠራቸው፣ ለሱቅ የታሰቡ ናቸውና ለቤት ይከብዳሉ። የትኛውንም ብትመርጡ ከገዛችሁት በኋላ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ በውሃ አትጠቡት። ሻጩ ጥርሱን ከፍታችሁ እንድታዩ ካልፈቀደ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢያምር አትግዙት።