ጠመንጃው እንግዳ፣ ያዡ ባለቤት

ሰሞኑን ከምሳ በኋላ አንድ ጓደኛችን፣ «አማርኛ ከባዕድ ቃላት ካልጸዳ ቋንቋ አይባልም፤ የሰው የሆነው ሁሉ ወደ መጣበት ይመለስ» እያለ በብርቱ ሲከራከር ዋለ። ክርክሩ ሲያበቃ ታክሲ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ሰፈሩ ጠመንጃ ያዥ ነው። እኔም በሆዴ፣ «ወዳጄ፣ ፍርድህ ቢጸና ከሰፈርህ ስም የሚተርፍህ ‹ያዥ› ብቻ ነው» አልሁ። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም፣ የቃላትን ትውልድ ለማስረዳት ከዚህ የሰፈር ስም የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በመጀመሪያ «ያዥ»ን እንመልከት። «ያዘ» ከግእዙ «አኀዘ» ጋር አንድ ዘር ነው፤ ዐረብኛው «አኸዘ»፣ ዕብራይስጡም «አኀዝ» ስለሚል ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። «ዘ» ወደ «ዥ» የተለወጠውም በቋንቋችን ሕግ ነው፤ ገዛ ብሎ ገዥ፣ ወሰደ ብሎ ወሳጅ፣ ከፈተ ብሎ ከፋች እንደሚባለው ማለት ነው። እንግዲህ ጠመንጃ ያዥም ሆነ የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ የሥራ ስማቸው የቤት ልጅ ነው።

«ጠመንጃ» ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ቱርኮች ሽጉጥን «ታባንጃ» ይሉታል። ቃሉ በዐረብኛ በኩል አልፎ እኛ ዘንድ ሲደርስ «በ» ወደ «መ» ተለወጠ፤ የዐረብኛው «ሳቡን» በእኛ አፍ «ሳሙና» እንደ ሆነ ሁሉ። ትርጉሙም አብሮ ተለውጦ፣ የአጭሩ መሣሪያ ስም ለረጅሙ ተሰጠ። ለአጭሩ ደግሞ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ «ሽጉጥ» የሚል ስም አወጣንለት፤ ይኸውም በወገብ የሚሸጎጥ ማለት ነው።

እንግዳ ቃል የመጣበትን መንገድ አይደብቅም። «ጠረጴዛ» የግሪኮች «ትራፔዛ» ነው፤ ፍቺውም ባለ አራት እግር። መኪና፣ ጎማ፣ ፋብሪካ ከጣሊያንኛ ናቸው። «ጋዜጣ»ም እንዲሁ ሲሆን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቬኒስ የወሬ ወረቀት ይገዛበት ከነበረው «ጋዜታ» ከሚባል ሳንቲም የተገኘ ነው። «ለገሃር» የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው ነው፤ የጅቡቲው ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ የቀረልን ስም ነው።

«ባቡር»ም የመጣው እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓውያን ቃል ነው፤ ፈረንሳዮች «ቫፐር» የሚሉት። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልደታ የሚያልፈው የከተማ ባቡር የሚነዳው በኤሌክትሪክ ነው፤ ስሙ ግን ዛሬም እንፋሎት ነው። «ስልክ»ም በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ያለ ሽቦ ይሠራል፤ ስሙን ግን አልጣለም።

ታዲያ እንግዳውን ከባለቤቱ በምን እንለየው? ቤተሰቡን ማየት አንድ ዘዴ ነው፤ ያዘ፣ ተያዘ፣ መያዣ፣ አያያዝ እያለ ይረባል፤ ጠመንጃ ግን ብቸኛ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ ብቻውን ያሳስታል። «ፊርማ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እኛ ግን ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ እያልን እንደ ቤት ልጅ አረባነው። እንግዳው እዚህ አግብቶ ወልዷል ማለት ነው።

ከሩቅ አገር ብቻም አልተበደርንም። «ጉዲፈቻ» የኦሮምኛ ቃል ነው፤ የሰውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግን ያመለክታል። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ በአማርኛው የሚጠራበት ስም ይኸው ነው። ጓደኛችን እንደሚለው ይመለስ ቢባል ሕጉ ራሱ ስም ሊያጣ ነው።

ታዲያ የምንፈራው ነገር የለምን? አለ። ባለፈው ክረምት እናቴ ስለ ፈተናዬ በስልክ ብትጠይቀኝ፣ «ሪዘልቱ ዲሌይ አድርጓል» አልኋት። እርሷም ደንግጣ፣ «ምን ሆንክ ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አለችኝ። ስልክ፣ ሳሙና፣ ባቡር፣ ፊርማ እናቴን አንድ ቀን አስቸግረዋት አያውቁም፤ ከተበደርናቸው ዘመናቸው ነው፤ ሲመጡም ስም ያልነበረውን ነገር ይዘው ነው የመጡት። እኔ ግን «ውጤቱ ዘግይቷል» ማለት እየቻልሁ፣ የገዛ እናቴን ከወሬዬ ውጭ አስቀረኋት።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቃልን «ከየት መጣህ?» ብለን የምንጠይቀው ታሪኩን ለማወቅ ይሁን። ለመቀበልና ለመመለስ ሲሆን ግን ጥያቄው «ማን ይረዳሃል?» የሚል ይሁን። ጓደኛችንም ሰፈሩን በሙሉ ስሙ እየጠራ በሰላም ይግባ።